ማህፀኔ ከወጣ ወዲህ ለምን ወፈርኩ?

ጥያቄ፦ ማህፀኔን በቀዶ ጥገና ካስወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። አበላሌ ያው ነው፣ ግን ቀሚሶቼ ወገቤ ላይ አልዘጋ አሉኝ። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የእንቁላል ማምረቻዎችሽ አብረው ወጥተው እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። ወጥተው ከሆነ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን በአንዴ ስለሚወርድ ስብ ሆድ አካባቢ መከማቸት ይቀናዋል። ባይወጡም ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለ6 ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አታንሺ፣ እረፊ ስለሚባል ጡንቻ ይሳሳል፣ ያው የድሮው ምግብም ለሰውነትሽ ይበዛል። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ እጢ) የደም ምርመራም አድርጊ፣ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኪሎሽ በጥቂት ቀን ጨምሮ እግርሽ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ።