የለንደን የጉዞ ካርድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ልጆቻቸውንና ዘመዶቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ለንደን ለመሄድ የሚሰናዱ አንባቢያን ስለ ከተማዋ አውቶቡስና ባቡር አከፋፈል የጻፉልንን ጥያቄዎች በዚህ ዕትም ሰብሰብ አድርገን መልሰናል። በመልሶቹ ውስጥ የሚገኙት ሰዓቶች በለንደን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ለንደን ትኖራለች። በዚህ ክረምት እኔና ባለቤቴ የወንድ ልጃችንን ልጆች፣ የ8 ዓመቱን ወንድና የ13 ዓመቷን ሴት ይዘን ልንጠይቃት አስበናል። እሷ ቀን ቀን ሥራ ስለምትውል ከተማውን የምናየው ራሳችን ተዘዋውረን ነው። አውቶቡሱ ገንዘብ አይቀበልም ተብለናል። አንድ ካርድ ገዝተን አራታችንም ብንጠቀምበት ይበቃናል? ወይስ ከዚሁ ከባንክ ያወጣነው ዓለም አቀፍ ካርድ ይሠራል?
ወ/ሮ ጽ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወይዘሮ ጽ.፣ የተነገረዎት እውነት ነው። የለንደን አውቶቡሶች እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ሒሳብ የሚሰበስብ ረዳትም የለም። ተሳፋሪው በፊተኛው በር ሲገባ ከሹፌሩ አጠገብ ባለው ቢጫ ማንበቢያ ላይ ካርዱን ያስነካል፣ ሒሳቡም በዚያው ይቆረጣል። ለዚህ የሚያገለግሉት ካርዶች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ላይ የዋለውና ገንዘብ እየተሞላበት የሚሠራው ኦይስተር ካርድ ነው። ሌላው በማስነካት ብቻ የሚከፈልበት የባንክ ካርድ ሲሆን፣ እርሱም በአውቶቡስ እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ፣ በምድር ውስጥ ባቡር ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ተቀባይነት አግኝቷል።

አንዱን ካርድ ለአራት መጠቀም ግን አይቻልም፤ ምክንያቱን ማወቁ ለሌላውም ጉዳይ ስለሚረዳዎት ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። በባቡር ሲጓዙ ዋጋው የሚታወቀው ጉዞው ሲያበቃ ነው። ሲገቡ ካርድዎን ሲያስነኩ ሥርዓቱ የተነሡበትን ጣቢያ ይመዘግባል፤ ሲወጡ ዳግመኛ ሲያስነኩ ደግሞ በየትኛው የዋጋ ክልል (ከተማዋ ከመሃል ወደ ዳር በቁጥር የተከፈለችበት ቀጠና) እንዳለፉና በስንት ሰዓት እንደተጓዙ አስልቶ ሒሳቡን ይቆርጣል። ስለዚህ አንድ ካርድ በአንድ ጊዜ መከታተል የሚችለው የአንድ ሰው ጉዞ ብቻ ነው፤ ባለቤትዎ በእርስዎ ካርድ ተከትለው ሊገቡ ቢሞክሩ በሩ አይከፈትላቸውም።

ይህ አሠራር ለመንገደኛው የሚሰጠው ትልቅ ጥቅም የዕለት ጣሪያ የሚባለው ነው። ከሌሊቱ 4:30 እስከ ማግስቱ ሌሊት 4:29 ድረስ በአንዱ ካርድ የተደረጉ ጉዞዎች ይደመሩና፣ ድምሩ ለክልሉ ከተወሰነው ጣሪያ ላይ ሲደርስ የቀረው ጉዞ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሆናል። አውቶቡስን ብንወስድ፣ የአንድ ጉዞ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2023 1.75 ፓውንድ፣ በአውቶቡስ ብቻ ለሚጓዝ ሰው የዕለቱ ጣሪያ ደግሞ 5.25 ፓውንድ ሆኗል፤ ይህም ሦስት ጊዜ ከከፈሉ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቢዞሩ አይጠየቁም ማለት ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያውን ካስነኩ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ የሚሳፈሩባቸው ሌሎች አውቶቡሶች በሙሉ በአንዱ ዋጋ ይካተታሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ያንኑ አንድ ካርድ ከጠዋት እስከ ማታ ከተጠቀሙ ብቻ ነው፤ ጠዋት በአንዱ ከሰዓት በኋላ በሌላው ካርድ ቢጓዙ ሁለቱም ከጣሪያው ሳይደርሱ ይመሻል።

ለእርስዎ ቤተሰብ የሚያስፈልጉት ካርዶች እንግዲህ ሦስት ናቸው። የ8 ዓመቱ ልጅ ካርድ አያሻውም። ከ11 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በአውቶቡስ በነፃ ይሄዳሉ፤ በምድር ውስጥ ባቡርም ከሚከፍል አዋቂ ጋር እስከ አራት ሆነው ያለ ክፍያ ይገባሉ። እርሱን ይዘው የሚያልፉት በሰፊው በር በኩል ነው፤ በዚያ የሚቆመውም ሠራተኛ ያግዝዎታል። የ13 ዓመቷ ልጅ ነገር ግን ብዙ እንግዶች ሳያውቁት የሚያልፉት ቅናሽ አላት። ከ11 እስከ 15 ዓመት ላሉ ጎብኚ ልጆች የኦይስተር ካርዳቸው ላይ የግማሽ ዋጋ ቅናሽ እስከ 14 ቀን ድረስ ይጫንላቸዋል፤ ይህን የሚያደርገው የጣቢያ ሠራተኛ ሲሆን ልጅቷም እርስዎም አብራችሁ መቅረብ አለባችሁ። ማሽኑ ራሱ አይጠይቅዎትምና እርስዎ ይጠይቁ። በባንክ ካርድ ከተጓዘች ቅናሹ የለም፣ እንደ አዋቂ ትከፍላለች።

ከዚህ ስላወጡት የባንክ ካርድ፦ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ከሆነና ፊቱ ላይ የአራት ቅስት ሞገድ ምልክት ካለው አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ከእንግሊዝ ውጭ የወጡ አንዳንድ ካርዶች ግን ተቀባይነት የላቸውም። ቢሠራም ባንኩ ለውጭ ክፍያ የሚወስደው ኮሚሽንና የምንዛሪ ልዩነት አለ። በእኔ አስተያየት ለእርስዎና ለባለቤትዎ የሚሻለው ኦይስተር ነው። የካርዱ ዋጋ አይመለስም፣ ያ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይዘው ከሄዱት ፓውንድ ላይ በጣቢያ ማሽን ወይም የኦይስተር ምልክት በለጠፉ የሰፈር ሱቆች በጥሬ ገንዘብ መሙላት ስለሚቻል፣ ወጪዎን በዓይንዎ እያዩ ይሄዳሉ። ለጎብኚዎች ተብሎ አስቀድሞ በፖስታ የሚላክ የኦይስተር ካርድም አለ፤ ልጅዎ ለንደን እያለች እርሱን ማዘዝ ልፋት ብቻ ይመስለኛል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሂትሮው ላይ ካሳረፋችሁ ከጣቢያው መሃል ከተማ የሚገቡባቸው ሦስት ባቡሮች ናቸው። ሁሉም ካርድ ይቀበላሉ፣ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ፒካዲሊ መስመር ዘገምተኛ ሆኖ ርካሽ ነው፤ ኤልሳቤጥ መስመር ፈጣን ሆኖ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነው፤ ሂትሮው ኤክስፕረስ ደግሞ ከተማው ውስጥ ካለው ከፓዲንግተን ጣቢያ በ15 ደቂቃ ያደርሳል፣ ነገር ግን የእርሱ ሒሳብ በዕለቱ ጣሪያ ውስጥ አይቆጠርም። ሦስቱም ላይ የሚያስነኩት ያንኑ ካርድ ስለሆነ፣ አላስተዋልኩም ብሎ ውድ ባቡር ውስጥ መግባት ቀላል ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት የመስመሩን ስም አንብቡ። ኦይስተር ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያም ይሠራል፤ ሉተንና ስታንስቴድ ግን አይሠራም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሻንጣ ካልያዛችሁ በከተማው ውስጥ አውቶቡስን አትናቁት። ከትራፋልጋር አደባባይ ተነሥቶ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልና በለንደን ግንብ አጠገብ የሚያልፈውን የ15 ቁጥር አውቶቡስ ፎቅ ላይ ከፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው፣ ለጎብኚ አውቶቡስ ብዙ ፓውንድ የከፈለው የሚያየውን በአንድ ተራ የአውቶቡስ ጉዞ ዋጋ ያያል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ለንደን ሐሙስ ገብቼ ለአንድ ሳምንት ልቆይ ነው። በስልኬ ብቻ ብጓዝ ይሻላል? ሳምንታዊ ጣሪያ አለ ሲሉም ሰምቻለሁ።
ዳ.፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ስልክዎ ይሠራል፣ ዋጋውም ከኦይስተር ጋር አንድ ነው፤ የካርድ መግዣም አያስወጣዎትም። ሁለት ነገሮችን ብቻ ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ስልኩ ላይ የጫኑት ካርድና ኪስዎ ያለው ፕላስቲክ ካርድ የአንድ ባንክ ሒሳብ ቢሆኑም ሥርዓቱ እንደ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ይቆጥራቸዋል፤ በስልክ ገብተው በፕላስቲክ ቢወጡ ሁለቱም ያልተጠናቀቀ ጉዞ ይመዘግባሉ። ሁለተኛ፣ ባትሪው መንገድ ላይ ካለቀ መውጫ አያገኙምና ምሽት ላይ ይህን ያስቡበት።

ሳምንታዊው ጣሪያ እውነት ነው፤ በባንክ ካርድ እ.ኤ.አ. ከ2014፣ በኦይስተር ደግሞ ከ2021 ጀምሮ አለ። ነገር ግን የሚቆጠረው ከሰኞ እስከ እሑድ ሲሆን፣ መጠኑም የአምስት ቀን ጣሪያ ያህል ነው። ሐሙስ ገብተው ረቡዕ ለሚወጡ ሰው ሳምንቱ መሃሉ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ አራት ቀን በአንዱ፣ ሦስት ቀን በሌላው ይወድቃል፤ በሁለቱም ከጣሪያው አይደርሱም። በየቀኑ ብዙ የሚዞሩ ከሆነ ከየትኛውም ዕለት የሚጀምረውን የ7 ቀን ትራቭልካርድ (አስቀድሞ ተከፍሎ ለሰባት ቀን ያለ ገደብ የሚያስጉዝ ቲኬት) ተራው የኦይስተር ካርድ ላይ አስጭነው ቢጓዙ ይቀንስልዎታል። ሁለት ሦስት ቀን ዘመድ ቤት ቡና እየጠጡ የሚውሉ ከሆነ ግን ስልክዎ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሲወጡ ካርዱን ማስነካት ቢረሳ ምን ይሆናል? በአውቶቡስስ ሲወርዱ ይነካል?
ተ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ በአውቶቡስ ሲወርዱ አይነካም። በባቡር ከተረሳ ግን ሥርዓቱ ከየት እንደወረዱ ስለማያውቅ ከፍተኛውን ዋጋ ይቆርጣል፤ ያም ገንዘብ በዕለቱ ጣሪያ ውስጥ አይገባም። መሃል ከተማ ያሉት ጣቢያዎች በር ስላላቸው መርሳት አያጋጥምም። የሚያሳስተው በምሥራቅ ለንደን የሚሄደው ቀላል ባቡር ነው፤ አብዛኞቹ ጣቢያዎቹ በር የላቸውም፣ ቢጫው ማንበቢያ አንድ ምሰሶ ላይ ቆሞ መንገደኛው ፈልጎ እንዲያገኘው ይጠብቃል። ሳያስነኩ ገብተው ተቆጣጣሪ ካገኘዎት ደግሞ ቅጣቱ 100 ፓውንድ ሲሆን በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ በግማሽ ይቀንሳል፤ እንግዳ ነኝ ማለት መብት አይሰጥም። በስህተት የተቆረጠ ከፍተኛ ዋጋ ግን ከየት ወዴት እንደተጓዙ አስረድተው እንዲመለስልዎ መጠየቅ ይችላሉ። ኦይስተርና የባንክ ካርድ አንድ ቦርሳ ውስጥ ካለ ማንበቢያው ያልፈለጉትን ሊያነብ ስለሚችል፣ የሚጠቀሙበትን ለይተው ያውጡት።

ጥያቄ፦ ከዓመታት በፊት ለንደን ስሄድ የገዛሁት ኦይስተር መሳቢያ ውስጥ አለ። የቀረው ገንዘብ ጠፍቷል?
መ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ አልጠፋም፤ የተሞላ ገንዘብ ጊዜው አያልፍበትም። ዳግም ከሄዱ ጣቢያ ባለው ማሽን ላይ ካርዱን አስቀምጠው ቀሪውን ማየት ይችላሉ፣ የሚሄድ ዘመድ ካለዎትም ሊሰጡት ይችላሉ። ከለንደን ሊወጡ ሲሉ የሚተርፈው ገንዘብ ከ10 ፓውንድ የማይበልጥ ከሆነ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያው ማሽን ይመልስልዎታል፤ ያን ጊዜ ግን ካርዱ ስለሚዘጋ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስድዎትን ጉዞ ከጨረሱ በኋላ፣ እዚያው ሂትሮው ጣቢያ ላይ ያድርጉት።