ስለ ጨረር ሕክምና ሥልጠና ጠይቁኝ፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

የደሴ ልጅ ነኝ። ሥራዬ ካንሰርን በጨረር ማከም ነው። ሰሞኑን ጥያቄው ስለበዛ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ስለ ሕመማችሁ ግን ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ካርዳችሁን ሳላይ አልናገርም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና እየተማርኩ ነው። የጨረር ሐኪም ለመሆን የግድ ውጭ መሄድ አለብኝ?

የለብሽም። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የክሊኒካል ኦንኮሎጂ (የካንሰር ሕክምና) ሬዚደንሲ፣ ማለትም የስፔሻሊስት ሐኪም ሥልጠና አለ። እዚያ ኬሞውንም (የካንሰር መድኃኒቱን) ጨረሩንም ትማሪያለሽ። አሜሪካ ሁለቱ የተለያየ ሙያ ነው፤ የጨረሩ ሐኪም ከአንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ በኋላ አራት ዓመት በጨረር ላይ ይሠለጥናል። ስለዚህ የእነሱን ሥርዓተ ትምህርት እንዳለ መገልበጥ አያዋጣንም።

ጥያቄ፦ የውጭ ሬዚደንቶች "ግሎባል ሄልዝ" እያሉ ለጥቂት ሳምንት የሚመጡትስ ማንን ሊጠቅሙ ነው?

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የሚጠቀሙት ራሳቸው ናቸው። ቅድመ ምርመራ በተስፋፋበት አገር የሚማር ሐኪም፣ የማኅፀን በር ካንሰር ገፍቶባት የመጣች ሴት ብዙም አያጋጥመውም። እኛ ጋ የዘወትር ሥራ ነው። መማራቸው ነውር የለውም። ነውሩ መረጃ ሰብስቦ ሄዶ የእኛ ልጆች ስም የሌለበት ጥናት ማሳተም ነው። ደግሞ የእኛ ሬዚደንት እነሱ ጋ ሲሄድ፣ የሙያ ፈቃድ የለህም ተብሎ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ያያል እንጂ በሽተኛ አይነካም። ይሄ መስተካከል አለበት።

የሚጠቅመው ከሄዱ በኋላም ግንኙነቱ ሲቀጥል ነው። የጨረር ዕቅድ የሚሠራው በኮምፒውተር ነው። ሐኪሙ ዕጢውን በሲቲ ስካን ምስል ላይ ያሰምራል፤ ያንን ሌላ አገር ያለ ባለሙያ አይቶ ሊያርመው ይችላል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲም አፍሮኔት በሚባል መረብ የአፍሪካ ማዕከላት በከባድ ኬዞች ላይ በኢንተርኔት እንዲመካከሩ አድርጓል። ለእኔ ከአንድ ሳምንት ሴሚናር በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ይበልጥብኛል። ኔትወርክ ካልጠፋ ነው እንግዲህ!

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነኝ። በፊዚክስ ተመርቄ ሥራ አጥቻለሁ። እኔንስ ይመለከተኛል?

በደንብ እንጂ! ማሽኑ የሚሰጠው የጨረር መጠን ትክክል መሆኑን ለክቶ የሚያረጋግጠው ሜዲካል ፊዚሲስት ነው። ለምሳሌ በአንዳንድ ማሽኖች ውስጥ ጨረሩን የሚያመነጨው የኮባልት ምንጭ በ5.27 ዓመት ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። በሽተኛው ያንኑ መጠን ለማግኘት ማሽኑ ሥር ረዘም ላለ ጊዜ መተኛት አለበት። ይሄን የሚያሰላው ፊዚሲስቱ ነው። ጣሊያን ትሪየስቴ ውስጥ በዋናነት ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ የፊዚክስ ምሩቃን የሁለት ዓመት የሜዲካል ፊዚክስ ማስተርስ አለ፤ ሁለተኛው ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሞክረው።

ጥያቄ፦ እናቴ ለጡት ካንሰር አዲስ አበባ ሪፈር ተባለች። ደሴ ለምን ማሽኑ አይተከልም?

እናትዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለታመመ ሰው ቀላል አይደለም። እንደ ጅማ ያሉ ከተሞች ማሽን አግኝተዋል፤ ለደሴም ይገባታል ባይ ነኝ። ግን ማሽኑ ግድግዳው እጅግ የወፈረ የኮንክሪት ክፍልና የማይቆራረጥ መብራት ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ሐኪም፣ ፊዚሲስት፣ ቴክኖሎጂስትና ነርስ ይፈልጋል። የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲው በጥር 2014 ዓ.ም. "የተስፋ ጨረሮች" የሚለውን ፕሮግራም እዚሁ አዲስ አበባ ሲጀምር ከመሣሪያው ጋር ሥልጠናንም ያካተተው ለዚህ ነው። እኔ ብጠየቅ መሠረት ሳይጣል በፊት የደሴን ልጆች ለትምህርት እልክ ነበር።

እስከዚያው ሐኪሟን በአጭር ጊዜ የሚያልቅ የጨረር ሕክምና ይሆንላት እንደሆነ ይጠይቁ። ለጡት ካንሰር አምስት ሳምንት ይፈጅ የነበረው ለብዙዎች ወደ ሦስት ወርዷል። አዲስ አበባ አልጋ ይዞ ለሚታከም ሰው የሁለት ሳምንት ወጪ ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ እህቴ በማሽን ጨረር እየታከመች ነው። ቤት ስትመጣ ልጆቿን ማቀፍ ትችላለች?

ትችላለች። ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ሰውነቷ ውስጥ አይቀርም፤ ወደ ልጆቿም አያልፍም። የጎረቤት ወሬ አትስሚ።