ከአሽከርካሪው ጎን ያለው ወንበር

ጥያቄ፦ በራሊ የመኪና ውድድር ናቪጌተሩ ምን ይሠራል? አሽከርካሪው መንገዱን እያየው ምን ይነግረዋል? (አንባቢ፣ ከደሴ ፒያሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ እኔም የኮምቦልቻ ነዋሪና በትርፍ ጊዜዬ ናቪጌተር ነኝና ጥያቄዎ አስደስቶኛል። አሽከርካሪው የሚያየው እስከ ቀጣዩ ኩርባ ድረስ ብቻ ነው። ጉም በወረደበት ጠዋት ከደሴ በሐረጎ በኩል ወደ እኛ ሲወርዱ ምን ያህል ይታይዎታል?

ከውድድሩ በፊት መንገዱን በዝግታ እየሄድን እያንዳንዱን ኩርባ በቁጥር እንመዘግባለን፤ በውድድሩ ጊዜ ናቪጌተሩ ከጎን ተቀምጦ ለአሽከርካሪው ያነብለታል። በእኔ ደብተር 1 እጅግ ጠባቡ፣ 6 ደግሞ በፍጥነት የሚታለፈው ነው። «ግራ 3፣ ይጠብባል፣ 80፣ ቀኝ 5» ስል 80 እስከሚቀጥለው ኩርባ ያለው ርቀት በሜትር ነው። ዘግይቶ የተነበበ ቃል ካልተነበበ አይሻልም።

አንድ ጊዜ ሁለት ገጽ አብሬ ገልብጬ ቀኝ 2 የነበረውን «ቀኝ 5» አልኩ። ቦይ ውስጥ ገባን። ማንም አልተጎዳም፤ የአሽከርካሪው ጓደኛዬ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ስለዚህ ናቪጌተርን ተሳፋሪ የሚሉትን ፈጽሞ አልቀበልም።

ውድድር በተዘጋ መንገድ ነው፤ ሐረጎ ግን የሕዝብ መንገድ ስለሆነ እዚያ በፍጥነት መለማመድ ነውር ነው። መጀመር ከፈለጉ በሚኒባስ ጋቢና ተቀምጠው ኩርባዎቹን በደብተር ይመዝግቡ። ሲመለሱ የጻፉትን ማንበብ ከቻሉና ራስዎን ካላዞረዎት፣ ይጻፉልኝ።