ከመፈረምዎ በፊት መጠባበቂያ ቅጂውን ያስመልሱ

የትእዛዝ መቀበያ ድረ ገጻችሁን፣ የመረጃ ቋቱንና ኢሜይሉን የሌሎችን ድረ ገጽና መረጃ በራሱ ሰርቨሮች (ሁልጊዜ በሚሠሩ ኮምፒውተሮች) ላይ ለሚያኖር አንድ የሆስቲንግ ኩባንያ ከነአስተዳደሩ ልትሰጡ እንደሆነ ገልጸው፣ ከቀረቡላችሁ ሦስት አቅራቢዎች አንዱን በምን መለኪያ እንደምትመርጡ ጠይቀዋል። ሥራዬ የድርጅቶችን ሰርቨር ከአንዱ አቅራቢ ወደ ሌላው ማዛወር በመሆኑ ብዙ ውሎችን አንብቤአለሁ። እኔ ብሆን የዋጋውን ንጽጽር ለጊዜው አቆየውና ለሦስቱም አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፦ «በሙከራ ጊዜው የጫንኩትን የመረጃ ቋት ከትናንቱ ቅጂ፣ እኔ እያየሁ፣ በሌላ ሰርቨር ላይ መልሳችሁ አስነሱልኝ።»

በየቀኑ ቅጂ እንይዛለን የማይል አቅራቢ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቅጂው ሲፈለግ መነሣቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 መጨረሻ ላይ የሶፍትዌር ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው የጊትላብ ኩባንያ ባለሙያ ዋናውን የመረጃ ቋት በስህተት ሲያጠፋ፣ ኩባንያው ከዘረጋቸው የመጠባበቂያ ዘዴዎች ብዙዎቹ እንደማይሠሩ የታወቀው ያን ሌሊት ነው። ያዳነው አንድ ባለሙያ ለሌላ ሥራ ብሎ ቀደም ሲል ያነሣው ቅጂ ሲሆን፣ የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ግን ጠፍቷል። ቅጂው የሚቀመጥበትንም ቦታ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ የሚገኘው የሆስቲንግ ኩባንያው የኦቪኤች ክላውድ የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል፣ ሰርቨራቸውም መጠባበቂያቸውም በአንድ ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። «ቅጂው በሌላ ከተማ ይቀመጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ ከሌለ፣ የሻጩ የቃል ማረጋገጫ አይበቃዎትም።

በማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የ99.9 በመቶ ያለመቋረጥ ዋስትና ብዙ ሰው ያረካል። ሲሰላ በ30 ቀን ውስጥ 43 ደቂቃ፣ በዓመት ደግሞ ስምንት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል አገልግሎቱ ሊቋረጥ ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ለጥገና አስቀድሞ የተነገረ መቋረጥ በአብዛኞቹ ውሎች አይቆጠርም። ካሣውም ብዙ ጊዜ ከወርሃዊ ክፍያው የሚቀነስ ጥቂት ገንዘብ እንጂ ያመለጣችሁን ሽያጭ የሚተካ አይደለም። ስለዚህ ከመቶኛው ይልቅ ሌሊት ችግር ሲፈጠር ስልኩን የሚያነሣው ማን እንደሆነ ይበልጥ ያሳስበኛል። ይህን ለማወቅ ከመፈረምዎ በፊት በእረፍት ቀን፣ ከመሸ በኋላ፣ እውነተኛ የቴክኒክ ጥያቄ ይላኩላቸው። የሚመልስልዎት ጉዳዩን የገባው ባለሙያ ይሁን ወይስ ጥያቄውን ለሰኞ የሚያሻግር ሠራተኛ፣ ያኔ ይለያል።

የኃላፊነቱን ወሰንም በጽሑፍ ያስቀምጡ። የሰርቨሩን ስርዓተ ክወና ማደስ አብዛኞቹ ይሠሩታል። በዎርድፕሬስ (በድረ ገጽ መሥሪያው ሶፍትዌር) ላይ የተጫኑ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን ማደስ ግን ብዙውን ጊዜ ለደንበኛው ይተዋል፤ ሰርጎ ገቦች የሚገቡትም አዘውትረው በዚያ በኩል ነው።

ኢሜይሉን ከድረ ገጹ ሰርቨር እንድትለዩት አጥብቄ እመክራለሁ። ሰርቨሩ ሲወድቅ ለደንበኞቻችሁ የምትጽፉበት መንገድ አብሮ መውደቅ የለበትም። ከዚህም ሌላ፣ በጋራ ሰርቨር ላይ አንድ ጎረቤት ደንበኛ የማጭበርበሪያ መልእክት ቢልክ የእናንተም ደብዳቤ አብሮ ሊታገድ ይችላል።

የዶሜይን ስሙ (የድረ ገጻችሁ አድራሻ) ግን ከአቅራቢው እጅ ውጭ፣ በድርጅታችሁ ስም፣ በሌላ መዝጋቢ ዘንድ ይሁን። ስሙን አቅራቢው በራሱ ስም ያስመዘገበባቸው ደንበኞች ነበሩኝ፤ ለመልቀቅ በፈለጉ ጊዜ ሙሉ መረጃቸውን ይዘው እንኳ በገዛ አድራሻቸው ሥራ መጀመር አልቻሉም። ስሙ በእጃችሁ ካለ፣ ከመዛወራችሁ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ስሙን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘውን የዲኤንኤስ መዝገብ የቆይታ ጊዜ (ሌሎች ኮምፒውተሮች መዝገቡን ሳያድሱ የሚይዙበትን ጊዜ) ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ ታደርጉና ብዙው ጎብኚ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አዲሱ ሰርቨር ይሄዳል።

ከሦስቱ ርካሹ ይህን ሁሉ ካሟላ ሳያመነቱ ይውሰዱት። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ግን በየወሩ የሚታደስ ውል ይጠይቁ፤ ለዓመት አስቀድሞ መክፈል የሚያስገኘው ቅናሽ ሌላ ጊዜም አይጠፋም።