ኤቲፒ ያላቅቃል፤ ከሬሳው ጀምሪ

እህቴ፣ «ጡንቻ ላይ ኤቲፒ ለመኮማተር ነው ወይስ ለመላቀቅ? ፋይናል ደርሶብኛል» ላልሽው። ኤቲፒ ማለት ሴል ጉልበት የሚያገኝበት ሞለኪውል ነው። መቼም ያንቺም ሃንድአውት «ለመኮማተር ኤቲፒ ያስፈልጋል» ብሎ በአንድ መስመር አልፎታል፤ የእኛም እንደዚያው ነበር። አክቲንና ማዮሲን (ቀጭኑና ወፍራሙ የጡንቻ ፕሮቲን ክሮች፤ የሚይዝና የሚጎትት ራስ ያለው ማዮሲኑ ነው) ምን እንደሚመስሉ ታውቂያለሽ፣ ልዝለለው።

1. ከሬሳ ጀምሪ። ሰው ከሞተ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ለምን ይደርቃል? ኤቲፒ አልቆ ነዋ! መኮማተርን የሚያስጀምረውን ካልሲየም ወደ ማከማቻው የሚመልሰው ፓምፕ ቆሟል፣ የማዮሲን ራሶች አክቲንን ይዘዋል፣ የሚያስለቅቃቸው የለም። በኋላ የሚለሰልሰውም ፕሮቲኖቹ መፈራረስ ሲጀምሩ ነው። ቅርጫ ላይ ገና የታረደ በሬ ሥጋ ሲንቀጠቀጥ አይተሽ ከሆነ፣ እዚያ ኤቲፒው ገና አላለቀም። ዙሩ እንዲህ ነው፦ ኤቲፒ ማዮሲን ላይ ሲቀመጥ ራሱ ከአክቲን ይላቀቃል፤ ኤቲፒው ወደ ኤዲፒና ፎስፌት ሲሰነጠቅ ራሱ ይደገናል፤ አክቲንን መልሶ ይዞ ፎስፌቱን ሲለቅ ይጎትታል፤ ኤዲፒው ከወጣ በኋላ ሌላ ኤቲፒ እስኪመጣ እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ ለሁለቱም ነው። ሲሰነጠቅ የሚገኘው ጉልበት ለመጎተት ይውላል፣ መቀመጡ ግን ያላቅቃል።

2. ክሮቹ ይንሸራተታሉ እንጂ አያጥሩም። ኤ ባንድ (የወፍራሞቹ ክሮች ርዝመት) ባለበት ይቆያል፣ አይ ባንድና ኤች ዞን (ቀጭኑ ብቻ እና ወፍራሙ ብቻ ያለባቸው ቦታዎች) ይጠባሉ። ይህን በ1954 አንድሪው ሃክስሌ ከኒደርገርኬ፣ ሂዩ ሃክስሌ ደግሞ ከጂን ሃንሰን ጋር ሆነው ኔቸር መጽሔት ላይ ጎን ለጎን አወጡት። ሁለቱ ሃክስሌዎች ዘመዳሞች አይደሉም። ፈተና ላይ አይመጣም፣ ግን ጀማሪዎችን ሳስጠና ሳልናገረው አላልፍም።

3. ካልሲየምን ከዚህ ዙር ውስጥ አታስገቢው። አክቲኑ ክር ላይ ያለ ትሮፖኒን የሚባል ፕሮቲን ላይ ይቀመጣል፣ የአክቲኑን መያዣ ቦታ የሸፈነው ሌላው ፕሮቲን ትሮፖማዮሲን ገለል ይላል፣ በቃ። የእኔ ጣጣ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ፋይናላችን ላይ «የማዮሲን ራስ ከአክቲን የሚላቀቀው ምን ሲሆን ነው?» የሚል ምርጫ መጣ። «ኤቲፒ ሲቀመጥ» አልኩ፣ ኤክስ ሆነ። መልሱ «ካልሲየም ወደ ማከማቻው ሲመለስ» ነው ተባለ። እንዴት ሆኖ? የካልሲየም መመለስ አዲስ መያዝን ይከለክላል እንጂ የያዘውን አያስለቅቅም። ካልሲየሙ ሙልጭ ብሎ ቢወጣ እንኳ ኤቲፒ ከሌለ ጡንቻው እንደደረቀ ነው!

መጽሐፌን ይዤ ዲፓርትመንት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ቅሬታ በፎርም ነው» አለችኝ። ፎርም ስጪኝ ስላት አልቋል። ከጓደኛዬ ፎርም ኮፒ አስነስቼ ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በስንት ልመና ያገኘኋቸው መምህር ደግሞ ገጹን ዞር ብለው ሳያዩ «እኛን ልታስተምረን ነው?» አሉኝ፤ ቢሮው ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ። አንዲት ጥያቄ ናት፣ ግን ቢ ፕላሴን ቢ ያደረገችው እሷ ናት። አሁን ያው ክፍል ተማሪዎች ለፈተና የሚያጠኑት እኔ በሣልኩት የዚህ ዙር ሥዕል ነው፣ ይወቁት።

አንቺ ግን ውጤት እንደተለጠፈ በቃል አትከራከሪ። ቅሬታሽን ጽፈሽ መዝገብ ቤት አስገቢና ኮፒው ላይ ቀንና ማህተም አስደርጊ። በቃል የተናገርሽውን በማግስቱ የሚያስታውስልሽ የለም። ሥዕሉን ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።