መልስ፦ «ኮንፈረንሱ ፓስተራችንን አዛወረው» ማለት ምን ማለት ነው?

ወንድሜ ግራ መጋባትህ አይገርምም፣ እኔም አሜሪካ መጥቼ የሜቶዲስቶችን (የፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያን ናቸው) አዳራሽ ተከራይተን ስናመልክ ነው የገባኝ። ኮንፈረንስ ስብሰባ አይደለም ወይ ላልከው፣ ነው፣ ግን በነሱ በዩናይትድ ሜቶዲስት ቤተክርስቲያን አካባቢውም ራሱ ኮንፈረንስ ይባላል፣ ልክ እኛ ሀገረ ስብከት እንደምንለው በለው። የአካባቢው ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ፓስተሮችና ምእመናን እኩል በሚጠጋ ቁጥር ነው የሚቀመጡት፣ በየ4 ዓመቱ ያለው ደሞ ጀነራል ኮንፈረንስ፣ የመላው ቤተክርስቲያኒቱ ስብሰባ ነው፣ የመጨረሻውን ቃል እሱ ነው ያለው (የ2020ው በኮቪድ ምክንያት እስከ 2024 ተገፋ)።

ዝውውሩን በተመለከተ፣ እዛ ፓስተር በሽማግሌዎች አይቀጠርም፣ ጳጳሱ ነው የሚመድበው። ከጳጳሱ ስር ያለው የወረዳ ተቆጣጣሪ፣ ዲስትሪክት ሱፐርኢንተንደንት ወይ ባጭሩ ዲኤስ የሚሉት፣ ከቤተክርስቲያኑ ኮሚቴ ጋር ያወራል፣ ከዛ አንድ እሑድ ይነገራል፣ ጁላይ መጀመሪያ ላይ አዲሱ ሰውዬ ካርቶኑን ይዞ ይመጣል። የኛዎቹ አከራዮች ሲሰናበቱ ያለቀሱት ለቅሶ!

ቻርጅ ካሉህ ደሞ ስለ ገንዘብ እንዳይመስልህ፣ አንድ ፓስተር የሚያገለግላቸው አንድ ወይም ከዛ በላይ አጥቢያዎች ማለት ነው።

እኔ በጣም የምወደው ግን ክላስ የሚሉትን ትንሽ የምእመናን ቡድን ነው። 1742 እንግሊዝ ብሪስቶል ውስጥ የጸሎት ቤቱን እዳ ለመክፈል ሰዉን 12፣ 12 አድርገው መደቡትና መሪው በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞረ አንድ አንድ ፔኒ ይሰበስብ ነበር፣ ሲዞር ደሞ የማን ቤት ሰላም እንዳጣ፣ ማን መጠጥ እንዳበዛ አየ፣ የሜቶዲስቶች መስራች ጆን ዌስሊም ይሄ ከገንዘቡ ይበልጣል ብሎ ቋሚ አደረገው።