ጥያቄና መልስ፦ የኮርኒያ ነርቮች በምስል ላይ ለምን ይቆራረጣሉ?

ጥያቄ፦ ለድኅረ ምረቃ ጥናቴ የስኳር ሕሙማንን የኮርኒያ (የዓይን ፊት ግልጽ ሽፋን) ነርቮች በሌዘር ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ፣ ማለትም አንድ ስስ ንጣፍ ብቻ ለይቶ በሚያሳይ ማይክሮስኮፕ፣ አነሣለሁ፤ መሣሪያው የሃይደልበርግ ቶሞግራፍ ከሮስቶክ ሞጁል ጋር ነው። ብዙ ምስሎች ላይ ጠቋቁር ሰረዞች ይወጣሉ፣ ነርቮቹም መሃል ላይ ይጠፋሉ። ጥልቀቱን 50 ማይክሮሜትር ባደርገውም አንዳንዴ ነርቭ አላገኝም። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መሣሪያዎ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ሰረዞቹን የሚያመጣው ግፊት ነው። ዓይኑን የሚነካው የሌንሱ ቆብ ኮርኒያውን ሲጫነው ጉብታው ይደፈጠጣል፣ ከኤፒቴሊየሙ (ከላይኛው የሴሎች ሽፋን) ሥር ያለው የቦውማን ሽፋንም ይጨማደዳል። ሰረዝ ሲያዩ ፎከሱን ማዞር ትርፉ ድካም ነው፤ ቆቡን ጥቂት ወደ ኋላ መልሰው ይጠብቁ።

የነርቮቹ መጥፋት ሌላ ምክንያት አለው። ያሉበት ንጣፍ በጣም ስስ ስለሆነ ቆቡ ዘንበል ብሎ ከነካ የምስሉ አንድ ጎን ከንጣፉ በላይ፣ ሌላው ከበታች ይወድቃል። በአንድ ጥግ የተጠጋጉ ትናንሽ የኤፒቴሊየም ሴሎች ከታዩዎት ያ ጎን ገና አልደረሰም ማለት ነው። በጎን ካሜራው እያዩ የሌዘሩን ቀይ ነጥብ ኮርኒያው መሃል ላይ ያድርጉ፤ ታካሚው በሌላው ዓይኑ መብራቱን ይመልከት።

ስለ ጥልቀቱ፦ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር የሚቆጠረው ዜሮ ካደረጉበት ቦታ ነው። ስለዚህ በሌንሱና በቆቡ መካከል አረፋ የሌለው ጄል ያድርጉ፣ ዓይኑ ላይ ማደንዘዣ ጠብታ ይጨምሩ፣ ቆቡ ዓይኑን ሊነካ ሲል የቆቡን የፊት ገጽ ደማቅ ነጸብራቅ ፈልገው እዚያ ላይ ዜሮ ያድርጉ። ከዚያ በኋላም ቁጥሩን ብዙ አይመኑት፤ ግፊቱ ሲለዋወጥ እሱም ይዋዥቃል። ከመጨረሻዎቹ የኤፒቴሊየም ሴሎች ቀጥሎ የሚመጣውን ንጣፍ በዓይንዎ ይለዩ። ቆቡ ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ ይሁን።

ሲለኩ፣ አንዱ ምስል 400 በ400 ማይክሮሜትር፣ ማለትም 0.16 ካሬ ሚሊሜትር ነው። በውስጡ 3.2 ሚሊሜትር ነርቭ ከቆጠሩ በካሬ ሚሊሜትር 20 ሚሊሜትር ይሆናል። እርስ በርሳቸው የማይደራረቡ ከ5 እስከ 8 ምስሎች ይውሰዱ። የሚያምሩትን ብቻ መምረጥ ግን ውጤቱን ወደ ላይ ይስበዋል፤ የምርጫ መመሪያዎን ከመቁጠርዎ በፊት ጽፈው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ የገበሬ ዓይን በእሾህ ተወግቶ ሲቆስል ፈንገስ መሆኑን በዚሁ መሣሪያ ብቻ መወሰን ይቻላል?

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም፤ ናሙና ተፍቆ ለካልቸር (ተሕዋስያኑን በላቦራቶሪ አሳድጎ ለመለየት) ይላክ። ቀጫጭን፣ የሚያንጸባርቁና ቅርንጫፍ ያወጡ ክሮች ስትሮማው (ወፍራሙ የኮርኒያ መካከለኛ ክፍል) ውስጥ ከታዩ ግን የካልቸሩ ውጤት እስኪደርስ ሕክምና ለመጀመር ትልቅ እገዛ ነው። የቁስሉ መሃል ብርሃኑን ስለሚበትን ጠርዙን ይቃኙ። ነርቮችና ባለ ቅርንጫፍ የመከላከያ ሴሎች ክር መስለው ያሳስታሉ። ተራ ባክቴሪያ ለዚህ መሣሪያ በጣም ትንሽ ነው፤ ምንም አለመታየቱ ኢንፌክሽን የለም አያሰኝም። ኮርኒያው ሊበሳ እስኪደርስ ከሳሳ ግን ቆቡን አያስነኩ።